ዕጣን የሚሸት ካርቶን

ርዝመቱ ከመዳፍ አይበልጥም። ነጭ ነበር፤ አሁን ጥጉ ተላጦ፣ ጎኑ በጭስ ጠቁሯል። ነገሌ ቦረና ውስጥ አንድ ቤት፣ ከጀበናው አጠገብ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የዕጣን ማስቀመጫ ሆኖ ኖሯል። በላዩ ላይ የታተመውን የፈረንጅ ፊደል ማንም ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም። የአንድ አባወራ ነፍስ እዚያ ላይ ተጽፋ ነበር ብላችሁ ገና ከጅምሩ አጋነነ ትሉኛላችሁ። ግድ የለም፣ ስሙኝማ።

ነገሩን ያጫወተኝ የሰውዬው የእህት ልጅ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለው። አጎቱን እንደ አገሩ ወግ «አቡያ» ይላቸዋል፤ የእናት ወንድም ማለት ነው። እኔም ስማቸውን ትቼ አቡያ እያልኩ ልቀጥል። አቡያ ከብት ነጋዴ ናቸው። ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ቃላቸው ቁጥብ ነው። አቧራ ሲነሳ ደረታቸው እንደ ወናፍ ያፏጫል። ሐኪም አስም ይለዋል፤ እሳቸው ግን «የመንገድ ሳል» ነው የሚሉት። ይህችን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሽንታቸው ደም ቀላቀለ። ስሙን ወደማልጠራው አንድ ከተማ ሆስፒታል ሄዱና ሲቲ ስካን ታዘዘላቸው። «ኮንትራስቱ እዚህ የለም፣ ከውጭ ገዝታችሁ ኑ» ተባሉ፤ ልጁ ሦስት ፋርማሲ ዞሮ ገዛ። ኮንትራስት በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ቀለም የሚሉትም አሉ፤ ሲያዩት ግን እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ውስጡ ያለው አዮዲን ራጁን ስለሚያግድ ደም የሄደበት ሁሉ በሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ያለሱ ኩላሊትና ኩላሊት ላይ የበቀለ ዕጢ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው።

አቡያ ተወጉ፣ ሥዕሉ ተነሳ፣ «ጨርሰዋል፣ ይውጡ» ተባሉ። ኮሪደሩ ላይ ጫማቸውን ገና ሳያስሩ አንገታቸውን ማከክ ጀመሩ። ልጁ ሸሚዛቸውን ገልጦ ሲያይ ደረታቸው ሳንቲም ሳንቲም በሚያካክል ቀይ እብጠት ተሞልቷል። ከንፈራቸው ንብ የነደፈው መሰለ። ቀጥላ ያቺ የመንገድ ሳል መጣች፤ አየር አጠራቸው። ነርስ የመጣው በልጁ ጩኸት ነው። መርፌ ሰጧቸው፣ ኦክስጅን አደረጉላቸው፣ አደሩና ዳኑ። ሲወጡ አንዱ ሐኪም ትከሻቸውን ቸብ አድርጎ፣ «አባባ፣ ሁለተኛ ይህን መድኃኒት እንዳይወጉ» አላቸው።

የትኛውን መድኃኒት? አልጻፈላቸውም። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ካርዳቸው እዚያው ካርድ ክፍል ቀረ፤ እሳቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር ይዘው አገራቸው ገቡ። ልጁ ባዶውን ካርቶን ከደረሰኙ ጋር በፌስታል ይዞት መጣ፤ የአቡያ ባለቤት ደህና ካርቶንማ አይጣልም ብለው ዕጣን አደረጉበት።

ዓረፍተ ነገሯ በአፍ ስትዞር መልኳን ቀያየረች። በመጀመሪያው ዓመት «ሲቲ ስካን አይስማማኝም» ሆነች። በሁለተኛው «አዮዲን አይስማማኝም»። በሦስተኛው፣ የእግራቸውን ቁስል ሊጠርግ ቡናማውን አዮዲን ያነሳ የክሊኒክ ሠራተኛ ደንግጦ መለሰው። ባለቤታቸውም አዮዲን ያለበትን ጨው ከጓዳ አስወጡት። እንግዲህ ይህ የሆነው በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የተረከቡትን አባ ገዳዎች፣ የማን ዘመን የድርቅ፣ የማን ዘመን የጥጋብ እንደነበር፣ ወረቀት ሳይነኩ መቶ ዓመታት ወደ ኋላ ቆጥረው የሚያወርዱ ሽማግሌዎች ባሉበት አገር ነው። አቡያ የማስታወስ ችግር የለባቸውም፤ የከብቶቻቸውን እናትና አያት በስም ይጠራሉ። የተነገራቸው ነገር ነው ስም ያልነበረው።

ዘንድሮ ደሙ ተመለሰ። ነገሌ ላይ በአልትራሳውንድ ሲታይ ኩላሊታቸው ላይ የማያምር ነገር ተገኘ፤ ሪፈር ወደ ሐዋሳ ተጻፈ። በወረቀቱ ጥግ «አለርጂ፦ አዮዲን» ይላል። እስከዚያው ውኃ በደንብ ይጠጡ ተባሉ፤ ኩላሊት በድርቀት ላይ ኮንትራስት ሲጨመርበት አይወድም። ነገሌ ላይ ግን ውኃ ጠጣ ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። ጥር 4 ቀን 1966 እዚያ የሰፈረው ጦር ያመጸው በምግብ ብልሽትና በውኃ እጦት ነበር፤ ሊያነጋግራቸው የመጣውን ጄኔራል እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ያ ዓመት አገሩን አብዮት ላይ እንዳደረሰው ታውቃላችሁ። ከመንገድ ወጣሁ፣ ልመለስ።

ሌሊት 11 ሰዓት ተሳፈሩ። ዋደራን፣ አዶላን አልፈው ቦሬ ሲደርሱ ቆላ የለመደው የአቡያ ገላ በብርድ ተንቀጠቀጠ። ልጁ በጭኑ ላይ ቦርሳ አቅፏል፤ ውስጡ ሪፈሩ፣ አልትራሳውንዱና ለሐዋሳዋ ዘመዳቸው የተላከ የነገሌ ዕጣን አለ። ዕጣኑ በምን እንደተላከ ገምታችኋል።

የራዲዮሎጂ ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ሪፈሩን አነበበችና «አዮዲን ሲነካዎት ምን ይሆናሉ?» አለች። አጠገቧ የነበረ ተማሪ ቸኩሎ፣ «አባባ፣ ዓሣ ሲበሉ ያሳክክዎታል?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ በኦሮምኛ ተረጎመላቸው። አቡያ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። የድሮውን ወግ የያዘ የቦረና ከብት አርቢ ዓሣ አይቀምስም።

«ዓሣ ምን በደለኝና እበላዋለሁ?» አሉ።

ይህ የዓሣ ጥያቄ በዓለም ዙሪያ በየሆስፒታሉ ስንት ዘመን ሲጠየቅ የኖረ ነው፤ መሠረቱ ግን ባዶ ነው። ዓሣ ወይም ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው የሚቆጣው በእንስሳው ፕሮቲን ነው። አዮዲን ቢሆንማ ጨው ባልቀመስን፤ አንገታችን ውስጥ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ያለ አዮዲን ሥራ የላትም፣ ዕንቅርት ትሆናለች። ዕንቅርት ያለበት ሰው ለሐኪሙ ይናገር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሐኪሟ ለተማሪው የነገረችው ይህንን ነው። ቀጥላ የጠየቀቻቸው ሌላ ነው፦ ከዚህ በፊት ተወግተው ያውቃሉ? ምን ሆኑ? በስንት ደቂቃ? ምን ሰጧችሁ? አስም አለ?

አስም የለም አሉ አቡያ። ልጁ ጣልቃ ገብቶ «ኧረ አቡያ፣ የመንገድ ሳሉስ?» ባይላት ኖሮ ያችን ሳታውቅ ልትቀር ነበር።

«የተወጉት የትኛውን ነበር?» ስትል ግን ሁለቱም ዝም አሉ። ልጁ ምናልባት ደረሰኝ ይገኝ እንደሆነ ብሎ ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፍ ካርቶኑ ተንከባለለ። ክፍሉ ዕጣን ዕጣን ሸተተ። ሐኪሟ አነሳችው፣ ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ በጥፍሯ ጥላሸቱን ፋቅ ፋቅ አደረገች። ስሙ አለ፤ መጠኑም አለ። «ይሄ ነው?» አለች። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ፣ ይላል ልጁ፣ አነጋገሯ ሁሉ ተለወጠ።

ምክንያቱም ሰውነት የተቆጣው በአዮዲን ሳይሆን አዮዲኑን በተሸከመው ሞለኪውል ነው። ኦምኒፓክ፣ አልትራቪስት፣ ቪዚፓክ እየተባሉ የሚሸጡት ሁሉ አዮዲን አላቸው፤ የእያንዳንዳቸው አወቃቀር ግን ለየቅል ነው። የከዳው ማን እንደሆነ ከታወቀ ሌላውን መምረጥ ይቻላል። ካልታወቀ ግን በጨለማ መምረጥ ነው፤ ያንኑ መልሶ መውጋትም አለ። ከዚህ በፊት የተቆጣ ሰው ዳግመኛ የመቆጣት ዕድሉ ምንም ካልሆነው ሰው አምስት እጥፍ ያህል ነው። አስም ብቻውን ደግሞ ሁለት ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ለኤም አር አይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም ሌላ ዘር ነው፤ የአንዱ ቁጣ ወደ ሌላው አይተላለፍም።

«ታዲያ ምኑ ነው ያቃጠለኝ?» አሉ አቡያ።

ሐኪሟ በቆዳና በሳንባ ውስጥ ስላሉ፣ ሂስታሚን የሞላባቸው ከረጢት ስለሚመስሉ ሴሎች ነገረቻቸው። ሌላው አለርጂ አስቀድሞ ትውውቅ ይፈልጋል፤ ኮንትራስት ግን በመጀመሪያው ቀን ሊያፈነዳቸው ይችላል። የጥንቶቹ ኮንትራስቶችማ የባሱ ነበሩ፤ ከደም አምስትም ስምንትም እጥፍ የወፈረ ጨው ማለት ናቸው። ጨው የሚለውን ቃል ሲሰሙ አቡያ ቀና አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። አቡያ ተወልደው ያደጉት ዲሬ በኩል ነው። በጉርምስናቸው ጨው ቤት ወርደዋል፤ ቦረናዎቹ ኤል ሶድ የሚሉት፣ ከዱብሉቅ ወደ ሜጋ ሲሄዱ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ያለው የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ። ከአፋፉ እስከ ሐይቁ በጠባብ የአህያ መንገድ ይወረዳል። ሐይቁ ጥቁር ነው። ወንዶቹ ልብሳቸውን አውልቀው፣ አፍንጫና ጆሮአቸውን ደፍነው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ይጠልቃሉ፤ ጥቁሩን ጭቃ ጨው ከሥሩ በእጃቸው ዳብሰው ያወጣሉ። ዐይኑን የገለጠ አበቃለት። አቡያ አንድ ጊዜ ገልጠው ሁለት ቀን ዕውር ሆነው ተኝተዋል።

አሁን ወደ ስዊድን ልውሰዳችሁ። ራጅ በ1895 ከተገኘ በኋላ (ይህና ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ደም ሥርንና ኩላሊትን በራጅ የማየት ምኞት ነበር። በ1923 አሜሪካ፣ ማዮ ክሊኒክ ያሉ ሐኪሞች ለቂጥኝ አዮዲን ጨው የተሰጣቸው ሕሙማን ሽንት በራጅ ላይ እንደሚታይ ልብ አሉ፤ ነገሩ ከዚያ አደገ። መድኃኒቱ ግን በደም ቧንቧ ሲገባ ሰውን እንደ እሳት ያንገበግባል። ቶርስተን አልሜን የሚባል ስዊድናዊ ራዲዮሎጂስት ግን የዋና ነገር ትዝ አለው፦ በምዕራቡ ጠረፍ ጨዋማ ባሕር ዐይንን ገልጦ መዋኘት ያቃጥላል፣ ጨው በሚያንሰው በባልቲክ ባሕር ግን ያን ያህል አያቃጥልም። እንግዲያው ጥፋተኛው የመድኃኒቱ ውፍረት ነው ብሎ አሰበ። በውኃ ሲሟሟ ወደ ሁለት የማይከፈል ሞለኪውል ቢሠራ ቅንጣቶቹ ያንሳሉ፣ ያንገበገበውም ይበርዳል አለ፤ ሐሳቡን በ1969 አሳተመ። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ፊት ነሱት፤ የተቀበለው የኖርዌዩ ኒጋርድ ነው። በ1982 አዮሄክሶል፣ ማለትም ኦምኒፓክ፣ ገበያ ወጣ። ውፍረቱ ከደም ሁለት ሦስት እጥፍ ብቻ ነው።

ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ በ1990 ጃፓኖች ከ330,000 በላይ ሕሙማንን ቆጥረው አሳዩ። በአሮጌው መድኃኒት ከ100 ሰው 12 ወይም 13 ያህሉ አንድ ነገር ይሆናል፤ በአዲሱ 3 ብቻ። ብርቱ ቁጣ በአሮጌው ከ10,000 ሰው 22፣ በአዲሱ 4። አቡያን የነካቸው አዲሱ ነው፤ ከጥቂቶቹ አንዱ ሆነው ነው እንጂ።

ይህን ያወራችላቸው ሐኪሟ ናት፤ ልጁ ግን ሁሉን አልተረጎመላቸውም፤ «ጨው ቤት ዐይንህን ገልጠህ እንደጠለቅከው ማለት ነው፤ አሁን ግን ጨዉን ቀንሰውታል» ብቻ አላቸው። አቡያም «ዐይኑን የገለጠ ሰው መሆን አለበት ያወቀው» አሉ። ከሐኪሟ ይልቅ ስዊድናዊውን ወደዱት።

ሐኪሟ መጀመሪያ ያሰበችው ኮንትራስቱ ጭራሽ ይቅር ወይ የሚለውን ነበር። ጠጠር ብቻ ቢሆን ያለ ኮንትራስት ይታያል፤ ዕጢ ሲጠረጠር ግን አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ነገር ወሰነች። መድኃኒቱ ከካርቶኑ ሌላ ይሁን፤ የዓለም ባለሙያዎች ምክር በቅርብ ዓመታት ይበልጥ ወደ መቀየሩ አዘንብሏል። ሁለተኛ፣ ባለፈው ትንፋሽ ድረስ ስለሄደባቸው የማስታገሻ ክኒን አስቀድሞ ይሰጣቸው፦ ፕሬድኒሶሎን 50 ሚሊግራም፣ ከምርመራው 13 ሰዓት፣ 7 ሰዓትና 1 ሰዓት በፊት፤ ከመጨረሻው ጋር ደግሞ አንድ የአለርጂ ክኒን። ስኳር እንደሌለባቸው ጠየቀች፤ ክኒኑ ስኳር ያንራልና። «ይህም ሆኖ ዋስትና አይደለም» አለቻቸው ሳትደብቅ።

ቀጠሮው ለነገ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሰዓቶቹን ለልጁ ጻፈችለት፦ 8፡00፣ 2፡00፣ 8፡00።

አያችሁ ጉዱን? በፈረንጅ ሰዓት ማታ 8፣ ሌሊት 2፣ ጠዋት 8 ማለቷ ነው፤ በእኛ ማታ 2፣ ሌሊት 8፣ ጠዋት 2። ልጁ ግን እንዳነበበው የመጀመሪያውን ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሁለተኛውን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሦስተኛውን ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት አደረገው። አቡያ ከማሽኑ ወጥተው ምሳ ከበሉ በኋላ መሆኑ ነው! ክኒኑ ደግሞ ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል፤ ዘግይቶ ቢዋጥ ከረሜላ ነው። ያወጣቸው የሐዋሳዋ ዘመዳቸው ናት። እራት ላይ ወረቀቱን አይታ «ምርመራው ስንት ሰዓት ነው?» አለች። 3 ሰዓት ሲላት በጣቷ ወደ ኋላ 13 ቆጠረች። «አንተ! ይሄ የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ አሁን ነው መዋጥ ያለባቸው!» ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት 2 ከሩብ ይላል።

ቀጥሎ ቁጥሩ መጣ። የተገዛው ፕሬድኒሶሎን ባለ 5 ሚሊግራም ነው፤ 50 ለመሙላት አሥር ፍሬ መዋጥ አለበት። ልጁ ከፋርማሲው የተነገረውን ተጠራጥሮ ሁለቴ ቆጠረ። «አሥር በአንድ ጊዜ?» አሉ አቡያ፣ «ለሰው ነው ለግመል?» ዋጧቸው። ሌሊት 8 ሰዓት በስልክ ማንቂያ ተነስተው ሌላ አሥር፤ ጠዋት 2 ሰዓት አሥር ከአለርጂው ክኒን ጋር።

በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ የነበረችው ሲስተር በዕድሜ የገፋች ናት። አቡያን ከማስተኛቷ በፊት ልጁን ጠርታ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አሳየችው። «አድሬናሊን ነው። 1 ሚሊ ውስጥ 1 ሚሊግራም አለው፤ ከንፈሩ አብጦ አየር ካጠረው ግማሹን ጭኑ ላይ እወጋዋለሁ። አንተ ደግሞ አትጩህብኝ።» ሲሪንጁ ከጎኑ ተቀምጧል። ይህችን ሴት አመሰግናታለሁ። በየቦታው ሰው ሲቆጣ መጀመሪያ የሚነሳው ሃይድሮኮርቲዞን ነው፤ እሱ ግን እየተጎተተ የሚደርስ ነው። ነፍስ የሚያወጣው አድሬናሊን ነው፤ በቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ካለ ደግሞ የለም ማለት ነው።

ለአቡያም እንዲህ አለቻቸው፦ «አባቴ፣ ሲገባ ሰውነትዎ ይግላል። አፍዎ ብረት ብረት ይላል። ሽንትዎ ያመለጠ ይመስልዎታል፤ አላመለጠም። ይህ ቁጣ አይደለም፣ አይደንግጡ። ማሳከክ፣ ጉሮሮ ማነቅ ካለ ግን እጅዎን ያንሱ።»

ገባ። አቡያ ኋላ ሲያወሩ «ከእግሬ ጥፍር ጀምሮ ፀሐይ ወጣብኝ» ይላሉ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ አጓራና አበቃ።

ያለፈው ጊዜ «ይውጡ» የተባሉበት ቅጽበት ይህ ነው። ሲስተሯ ካኑላውን አልነቀለችም። በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ራሷም ከፊታቸው ተቀመጠች፤ ብርቱው ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው የሚመጣው፤ እሷ 30 ትጠብቃለች። በ5ኛው ደቂቃ ስለ ከብት ዋጋ ጠየቀቻቸው። በ12ኛው አቡያ የግራ አንጓቸውን አከኩ። ልጁ ተነሳ። ሁለት እብጠቶች፣ የባቄላ ያህል። ሲስተሯ በእስክሪብቶ ዙሪያቸውን ከበበች፣ ደረታቸውን አዳመጠች፣ ብልቃጧን ወደ ራሷ አስጠጋች፣ ወሬዋን ቀጠለች። «ከዚያስ፣ በሬው ስንት ወጣ?» በ20ኛው እብጠቱ ከመስመሩ አላለፈም። በ30ኛው አንዱ ጠፍቷል። በ40ኛው ካኑላው ተነቀለ። እስከ ሳምንት ድረስ ዘግይቶ የሚወጣ ሽፍታም አለና ለሱም ስልክ ቁጥር ሰጠቻቸው።

ኩላሊታቸው ላይ የነበረው ዕጢ ነው፤ ገና ትንሽ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላም በየጊዜው እየመጡ ሲቲ ይነሳሉ። ሐኪሟ አንድ ወረቀት ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፈች፦ የከዳው ስሙ ይህ፣ የሆኑት ይህ፣ በዚህ ደቂቃ፤ ዘንድሮ የተሰጠው ይህ፣ ሁለት እብጠት ብቻ፤ አስም አለ። «አዮዲን» የሚለውን ቃል ከሪፈሩ ላይ ሰረዘችው። ልጁ ወረቀቱን ከነካርቶኑ በስልኩ ፎቶ አነሳው። ሐዋሳ መናኸሪያ አውቶቡስ እስኪሞላ ድረስ አቡያ ሁለቱን የፈረንጅ ስሞች እየደጋገሙ አጠኗቸው፤ ልጁ እንደሚለው የአንደኛው ስም በአፋቸው የወይፈን ስም መስሎ ነበር።

ነገሌ ሲደርሱ የባለቤታቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጤና ነው፤ ሁለተኛው «ካርቶኔስ?» የሚል ነው። ካርቶኑ ከወረቀቱ ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የአቡያ ደረት ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸውም ከዚያ አላወጣም አሉ። ልጁ ከቦርሳው የዘንድሮውን ባዶ ካርቶን አውጥቶ ሰጣቸው። ከፈቱት፣ ውስጡን አሸተቱ፣ ጣታቸውን አስገብተው ለኩት።

«ይሄኛው ሰፋ ይላል» ብለው ዕጣኑን ገለበጡበት።